ከብት በሚግጥበት ሜዳ አውሮፕላን ማብረር መማር፦ የኔ ሪቪው

ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ሣር ራንዌይ ያለው የበረራ ትምህርት ቤት እየተማርኩ መሆኔን የሰማችሁ ሁሉ በኢንቦክስ "ዋጋው ስንት ነው፣ ያስፈራል ወይ፣ እውነት ላም አለ ወይ" እያላችሁኝ ስለሆነ ለሁላችሁም አንዴ ጽፌው ልገላገል። ለሚቸኩል ሰው ባጭሩ፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አምስተኛዋን ላሞቹ በልተዋታል። የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጠራም፣ ከታች የማማርርበት ነገር አለ፣ ሰዎቹ ደግሞ ደግ ሰዎች ስለሆኑ በአደባባይ ላሳጣቸው አልፈልግም። የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ።

ቦታው ከዲሲ ወደ ምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ የብሉ ሪጅ ተራሮች ከሩቅ ይታያሉ። ኤርፖርት ስላችሁ ያ ትልቁ የዲሲ ኤርፖርት ደለስ እንዳይመጣባችሁ። ታወር የለም፣ አስፋልት የለም፣ ፍተሻ የለም። አንድ የታጨደ ሣር ራንዌይ፣ የቆርቆሮ ሀንጋር፣ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ፀሐይ ያደበዘዘው ብርቱካናማ ከረጢት፣ እና ጠዋት የፈላ ቡና እስከ ማታ የሚጠጣባት ቢሮ፣ በቃ። ፓይለቶቹ "እኔ እዚህ ጋ ነኝ፣ ላርፍ ነው" እያሉ በሬዲዮ እርስ በርሳቸው ነው የሚነጋገሩት። ራንዌዩን በግራም በቀኝም የከብት እርባታ ይዞታል፣ አንገስ የሚባሉት ናቸው፣ ቀንድ የሌላቸው፣ ደልደል ያሉ፣ ከሰል የመሰሉ ጥቁሮች። ከመኪና ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ሽታ ግማሹ ቤንዚን ግማሹ እበት ነው። እኔ ገጠር ስላደግኩ ምንም አልመሰለኝም፣ ባለቤቴ ግን ከመኪና ሳትወርድ "አንተ ሰውዬ፣ ከብት ጥበቃ ሸሽተህ አሜሪካ ድረስ መጥተህ አሁን ከፍለህ ከብት ጋ ትመጣለህ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አውሮፕላኑ ሴስና 172 ነው፣ ከ1956 ጀምሮ ከ44,000 በላይ የተመረተ፣ ባለ አራት ወንበር፣ ክንፉ ከላይ የሆነ፣ ዓለም ላይ ግማሹ ፓይለት የተማረበት ቢባል የማይጋነን ዓይነት። የነሱ የ1970ዎቹ ምርት ነው። ወንበሩ ተተልትሏል፣ የበሩ እጀታ ዘዴ ይፈልጋል፣ ሬዲዮው ብቻ አዲስ ነው፣ ሞተሩን ግን በጣም ይይዙታል፣ የጥገና መዝገቡን ስጠይቅ ሳይኮሳተሩ አምጥተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልኝ፣ ይሄን ሌላ ቦታ ጠይቄ ፊት ያጠቆረብኝ ስላለ ትልቅ ነጥብ ነው። ዋጋው አስተማሪና ነዳጅ ጨምሮ በሰዓት ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ርካሽ አይደለም፣ ግን አስፋልት ካላቸው ትልልቆቹ ያነሰ ነው። አስተማሪዬ ሽማግሌ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን በእርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ሲያበሩ የኖሩ፣ ቁጥብ፣ ስትሳሳት የማይጮሁ፣ ጎበዝ ስትሆንም የማያሞግሱ። በሳቸው ብቻ ሦስት ኮከብ እሰጥ ነበር።

አሁን ወደ ላሞቹ። ላም ስትሉ የሚያስቅ ነገር ይመስላል፣ እኔም መጀመሪያ ሳቅኩ። እስቲ ሂሳቡን እዩት። እንደኛ ያለ የድሮ 172 ባዶውን 650 ኪሎ ገደማ ነው። አንዲት ያደገች የአንገስ ላም 550፣ 600 ኪሎ ትሆናለች። ማለትም ላሟና አውሮፕላኑ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ልዩነቱ አንደኛው ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ መሆኑ ነው። ስታርፉ ፍጥነታችሁ ወደ 60 ኖት ነው፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ በሴኮንድ 30 ሜትር። 300 ሜትር ፊት ለፊት ላም አየህ ማለት አስር ሴኮንድ አለህ ማለት ነው። እርጥብ ሣር ላይ ደግሞ ፍሬን የሚባል ነገር ብዙም አትመኩበት። ከዚያ ደግሞ ፕሮፔለሩ የላሟን ጆሮ እንኳ ቢነካ ነገሩ በጆሮ አያልቅም፣ ፕሮፔለር እየዞረ አንድ ነገር ከመታ ሞተሩ ተፈቶ ውስጡ መታየት አለበት፣ ያ ደግሞ የአውሮፕላኑን ግማሽ ዋጋ ሊበላ ይችላል።

የኔው ገጠመኝ እንዲህ ነው። አመሻሽ ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ የዛፎቹ ጥላ ራንዌዩን አቋርጦ ተኝቷል፣ ፍላፑን (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ወደታች የሚታጠፈውን) እስከ መጨረሻ አውርጄ ለማረፍ እየመጣሁ ነው፣ ሁሉ ነገር ልክ ነው፣ በልቤ ዛሬስ ሽማግሌው ሳይወዱ በግዳቸው ያሞግሱኛል እያልኩ ነው። "ጥላው ውስጥ ያለውን አየኸው?" አሉኝ። ጥላ ነው ያየሁት። "ጥላ ጅራት የለውም" አሉኝና ዝም አሉ። እኔም አየሁት፣ ጥላው ጅራቱን ወዘወዘ። ከዚያ እጄ ራሱ ነው የሠራው፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ገፋሁ። የድሮዎቹ 172 ፍላፕ እስከ 40 ዲግሪ ይወርዳል፣ እንደዛ ሆኖ ሙሉ ጋዝ ስትሰጡት አፍንጫው ሽቅብ ሊሄድ ይታገላችኋል እንጂ እሺ ብሎ ከፍታ አይይዝም፣ ስለዚህ በአንድ እጅ መሪውን ወደፊት እየገፋችሁ በሌላው ፍላፑን ወዲያው ወደ 20 መመለስ አለባችሁ፣ ከዚያ ፍጥነት ሲገኝ ቀስ እያላችሁ ቀሪውን። ማረፉን ትቶ እንዲህ መልሶ መነሳት ጎ-አራውንድ ይባላል፣ አስር ጊዜ አለማምደውኛል፣ ግን ልምምድ ላይ ላሟ የለችም። ከላይ አልፈናት ስንሄድ ወደ ጎን ዘወር ብዬ ሳይ አንዷ ደንግጣ ሮጠች፣ አንዷ ስትሮጥ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ መንጋው በሙሉ ተከተላት፣ ወዴት? ወደ ራንዌዩ መሃል። ጥጃዎቹ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ፣ እናቶቹ ጥጃ ፍለጋ ተመልሰው። እኛ ላይ ስንዞር እነሱ ታች ሲዞሩ።

ሽማግሌው ስለ እንስሳ ፀባይ ያወሩኝ ነገር ከእረኝነት ዘመኔ ጋር አንድ ነው። በግ መሪዋን ነው የምትከተለው፣ መሪዋ ከወጣች ሁሉም ይወጣል። ፍየል አንዴ የወጣች ይመስልህና ሐሳቧን ቀይራ ትመለሳለች። አህያ ጭራሽ ቆማ ታይሃለች፣ ሞተር ብትል ጡሩንባ ብትል ግድ የላትም። ላም ከሁሉ የምትከፋው የምትሮጥበት አቅጣጫ ስለማይታወቅ ነው። ዝቅ ብሎ አልፎ ማባረር የሚባል ዘዴ አለ፣ አፍሪካ ውስጥ ሣር ሜዳ ላይ የሚያርፉ ፓይለቶች ሁሌ የሚያደርጉት ነው፣ መጀመሪያ በዝቅታ ታልፋለህ፣ ሜዳው ይጸዳል፣ ዞረህ ቶሎ ታርፋለህ። እዚህ ግን የጎረቤት ከብት ስለሆነ ሆን ብሎ ማስበርገግ ነገር ያመጣል፣ እኛም ከፍ ብለን ዞርን፣ በሬዲዮ ቢሮው ተነገረ፣ ቢሮው ለእርባታው ደወለ፣ የእርባታው ልጅ በባለ አራት ጎማ ሞተር መጣ። ሳይቸኩል።

እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። አውሮፕላን ውስጥ ሆብስ የሚባል ቆጣሪ አለ፣ ልክ እንደ ታክሲ ሜትር ሞተሩ እስካለ ድረስ ይቆጥራል፣ በየስድስት ደቂቃው አንድ ነጥብ። ላሟ ስትግጥ ይቆጥራል። ልጁ ሞተር ሲያስነሳ ይቆጥራል። ጥጃ ከጉድጓድ ሲወጣ ይቆጥራል። አርፈን ስንወርድ ደረሰኙ ላይ የዞርንበት ጊዜ በሙሉ ተጽፎ ጠበቀኝ። "ከብቱ የናንተ ጎረቤት ነው፣ አጥሩ የናንተ ነው፣ ለምን እኔ እከፍላለሁ?" አልኳቸው። ቢሮ ያለችው ሴትዮ በጣም በትህትና "የበረራ ሰዓት ነው፣ መዝገብህ ላይም ይቆጠርልሃል" አለችኝ። ክርክሯ ባዶ አይደለም፣ እውነትም መዝገቤ ላይ ገብቷል። ግን እኔ የከፈልኩት ለማረፍ መማር ነው እንጂ መንጋ ለመቁጠር አይደለም። በኋላ ሽማግሌው ጣልቃ ገብተው የግማሹን ሂሳብ ለሌላ ቀን አዛወሩልኝ። ግማሹን። ስለዚህ ምክሬ፦ ስትመዘገቡ "ራንዌዩ በከብት ከተዘጋ የሚባክነውን ሰዓት ማን ይከፍላል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ይስቁባችኋል፣ ይሳቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከብቱ እንዴት ገባ ካላችሁ፣ ማዕበል ዛፍ ጥሎ አጥሩን ሰብሮታል፣ ለጊዜው ብለው የዘረጉት የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ ሣሩ አድጎ ነክቶት ኃይሉን ጨርሶታል። የኤሌክትሪክ አጥር እንደዛ ነው፣ በየሴኮንዱ አጭር ምት ነው የሚልከው፣ ረጅም እርጥብ ሣር ከነካው ምቱ ወደ መሬት ይፈስና ላሟ ጋ ሲደርስ መኮርኮር ብቻ ይቀረዋል። ላም ደግሞ አትሞኝም፣ አንዴ እንደማይመታ ካወቀች አለቀ። አሁን በሶላር የሚሠራ ጠንካራ አስገብተዋል፣ ሥሩንም በየጊዜው ያጭዱታል፣ ከዚያ ወዲህ ራንዌዩ ላይ ከብት አላየሁም። እናም እንደዚህ ዓይነት ቦታ ልትመዘገቡ ስትሄዱ ሰው ሁሉ ሮጦ አውሮፕላኑን ነው የሚያየው፣ ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ ስክሪኑን። እኔ ግን መጀመሪያ አጥሩን ዙሩት ነው የምለው፣ በእግራችሁ፣ ጥግ ጥጉን። በሩ መቆለፊያ አለው? የጨው ድንጋይና ገለባ የሚቀመጠው ራንዌዩ ጫፍ ነው ወይስ ራቅ ብሎ? ከብት ያለበት ዝንብ አለ፣ ዝንብ ያለበት ወፍ አለ፣ ወፍ ደግሞ ከላም በላይ አደገኛ ነው ምክንያቱም አጥር አያግደውም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ፣ ላም አውሮፕላን ትበላለች። አልቀለድኩም። ሀንጋሩ ሲሞላ ውጭ የሚታሰሩ አውሮፕላኖች አሉ፣ ከነሱ አንዱ የአንድ ደንበኛ ፓይፐር ከብ ነው፣ ከ1940ዎቹ፣ ያ ቢጫው፣ አካሉ ብረት ሳይሆን በቀለም የተወጠረ ጨርቅ የሆነ። ላሞች ያን ጨርቅና ቀለም መላስ ይወዳሉ፣ የጨው ነገር ይሁን ሽታው እንጃ፣ ጀምረው ይልሱታል፣ ከዚያ ይነክሱታል፣ ከዚያ ጀርባቸውን ሊያኩ ክንፍ ሥር ገብተው ይተሻሻሉ። ያቺ ከብ ጅራቷ አካባቢ እንደ ብርድ ልብስ ተዘልዝላ ነው ጠዋት የተገኘችው። ብረት አካል ያለውም ቢሆን አይተርፍም፣ ጅራቱ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ስስ ናቸው፣ 600 ኪሎ ሲደገፍባቸው ይጎብጣሉ፣ ደግሞ ጉብጠቱ ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ ከበረራ በፊት ፍተሻ ስታደርጉ ነዳጁን፣ ዘይቱን እንደምታዩት ሁሉ ጅራቱን በእጃችሁ ዳብሱት፣ ጎማ ሽፋን ውስጥም እበት ደርቆ ፍሬን እንዳልያዘ እዩ። ይሄን የትም መማሪያ ማኑዋል ላይ በትልቁ ተጽፎ አላየሁትም፣ እዚህ ግን የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው።

ሽማግሌው የሚያወሩት ጨዋታ ለብቻው ዋጋ አለው፣ በተለይ ዝናብ ሲይዘን። ራይት ወንድማማቾች ራሳቸው በ1904 ዴይተን ኦሃዮ አጠገብ ሀፍማን ፕሬሪ የሚባል የከብት ግጦሽ ሜዳ ላይ ነበር የሚለማመዱት፣ ባለቤቱ የባንክ ሰውዬ ኪራይ አላስከፈላቸውም፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቃቸው፦ ከመብረራችሁ በፊት ላሞቹንና ፈረሶቹን አስወጡልኝ። እነዚያ ታላላቅ ሰዎች ከብት አባረው ነው አቪዬሽንን የጀመሩት ማለት ነው። ከነሱም በፊት በ1783 ፈረንሳይ ቬርሳይ ላይ ንጉሡ ፊት በባሉን የተላኩት የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ናቸው፣ ሲወርዱ ዶሮው ክንፉን ተጎድቶ ተገኘ፣ ሰማዩ ነው የጎዳው ተብሎ ሊቃውንቱ ሲጨነቁ ለካ ገና ሳይነሱ በጓ ረግጣው ኖሯል። በ1930 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ ኦሊ የምትባል ላም በፎርድ ትራይሞተር ተጭና በረረች፣ እዚያው አየር ላይ ታለበች፣ ወተቷም በካርቶን ታሽጎ በፓራሹት ወረደ። ለበረራዋ የከፈለች ብቸኛ ላም እሷ ናት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የዶሮዎቹ ክስ ነው። ሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ አጠገብ ኮዝቢ የሚባሉ ባልና ሚስት ዶሮ ያረቡ ነበር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወታደር አውሮፕላኖች ከመሬታቸው 83 ጫማ ብቻ ከፍ ብለው እያለፉ ሲያርፉ ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ ጋር እየተላተሙ 150 ያህል አለቁ፣ ሥራውም ቆመ። መንግሥትን ከሰሱ፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1946 ረቱ። ፍርድ ቤቱ ሰማይ እስከ ላይ ድረስ የባለመሬቱ ነው የሚለውን የድሮ ሐሳብ አልተቀበለም፣ ግን እንዲህ ዝቅ ብሎ መመላለስ የሰውን ንብረት እንደ መውሰድ ነው አለ። አሜሪካ ሰማይ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ የመለሰችው በዶሮ ነው እላችኋለሁ። ትምህርት ቤቱም ለዚህ ነው መሰለኝ ወደ ምሥራቅ ሲነሱ የጎረቤቱን የዶሮ ቤት ዞረው እንዲያልፉ ተማሪውን ሁሉ የሚያስገድዱት።

ይሄን ሁሉ ጂንካ ላደገ ጓደኛዬ ስነግረው ምንም አልደነቀው። የድሮው የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል ያለ ሣር ሜዳ ነበር፣ ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ዳር ይይዛል። "እኛ በነፃ የምንሠራውን ነው አንተ 200 ዶላር የምትከፍለው" አለኝ። ዳኮታ የሚባለውን የድሮ አውሮፕላን ያየ የገጠር ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ታሪክ አለው፣ አዛውንት ጠይቁ።

አስፋልት ያለው ትልቅ ኤርፖርት ላይ ያለውንም ትምህርት ቤት ሞክሬዋለሁ። ላም የለም፣ እውነት ነው። ግን ለመነሳት ሰልፍ አለ፣ ፊታችሁ ጄት፣ ኋላችሁ ጄት፣ ሆብሱ ያው ይቆጥራል፣ አስተማሪው ሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነው አየር መንገድ እስኪቀጥረው ሰዓት የሚሰበስብ፣ ስምህንም አይዝም። እዚህ ደግሞ ሣር ላይ መነሳትና ማረፍ ከመጀመሪያው ትለምዳለህ፣ አፍንጫውን ቀለል አድርጎ መያዝ፣ ፍሬን አለመጨቆን፣ ከማረፍ በፊት ሜዳውን አስቀድሞ ማየት። ጎ-አራውንድ ላይ ደግሞ አሁን አላመነታም፣ ጥላ ብትሆንም እነሳለሁ። ሌሊት ግን እዚህ አታርፉ፣ መብራቱ ደካማ ነው፣ አጋዘንም አለ። ላም ባለቤት አላት፣ ስልክ ይደወላል፣ አጋዘን ሲገባ ለማን ይደወላል?

ለመመዝገብ ለምታስቡ ሐበሾች፣ ወረቀት ነገር፦ ዲስከቨሪ ፍላይት ለሚባለው የአንድ ጊዜ ሙከራ ምንም ፈቃድ አያስፈልግም፣ መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። ለመማር ግን ዜጋ ከሆናችሁ ፓስፖርት ታሳያላችሁ፣ ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የቲኤስኤን (ኤርፖርት ላይ የሚፈትሸውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት) የደህንነት ማጣሪያ ማለፍ አለባችሁ፣ ያ ገንዘብም ጊዜም ይወስዳል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ጀምሩት። ሕጉ ለግል ፓይለት ቢያንስ 40 ሰዓት ይላል፣ በ40 የሚጨርስ ሰው ግን ብርቅ ነው፣ በጀታችሁን 60፣ 70 ላይ አስቡት። ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት የሕክምናውን ምርመራ እለፉ። ዲሲ ዙሪያ 30 ኖቲካል ማይል ድረስ ልዩ የአየር ክልል ስለሆነ ወደዚያ ስትበሩ የበረራ እቅድና ከአየር ተቆጣጣሪዎች የሚሰጥ መለያ ኮድ ግዴታ ነው፣ የኦንላይን ኮርሱን ቀድማችሁ ውሰዱ፣ ነፃ ነው። ሣር ራንዌዩ ከዚያ ክልል ውጭ መሆኑ ሌላው የወደድኩት ነገር ነው።

የጠዋቱን ሰዓት ያዙ፣ ነፋሱም ይረጋል፣ ከብቱም በዚያ ሰዓት ወንዝ ዳር ነው። ነጭ ስኒከር አታድርጉ። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ትንሽ ጭማሪ አለው፣ በቼክ የለውም። ምሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ አካባቢው ላይ የሚበላ የለም፣ ግን ሳንድዊቹን መኪና ውስጥ ተዉት፣ አጥሩ ጋ የምትቆመው ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጊደር እጅ ላይ ያለ ነገር አትምርም።